የአንጎል ቬንትሪክሎችን በሲቲና በኤምአርአይ ማንበብ፦ መደበኛው መልክና በሽታ የሚመስሉ ጤናማ ልዩነቶች

የጭንቅላት ሲቲ ሲነበብ ከቬንትሪክሎች (በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ከያዙት ክፍተቶች) ጋር በተያያዘ ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ግራው የጎን ቬንትሪክል ከቀኙ በጥቂት ስለሰፋ ብቻ ጤናማውን ሰው በሽተኛ ማድረግ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የጎን ቬንትሪክሎቹ የፊት ቅርንጫፎች (የፊት ቀንዶች) ደህና ስለመሰሉ የታችኞቹ ቀንዶች መወጠራቸውን ሳያዩ ማለፍ። ሁለቱም የሚመጡት መጠንን ብቻ አይቶ ቅርጽንና ዙሪያውን ካለመመልከት ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለሬዲዮሎጂ ሬዚደንቶች፣ ለኢንተርኖችና በድንገተኛ ክፍል ሲቲውን ቀድመው ለሚያዩ ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው።

ደረጃ 1፦ የፈሳሹን መንገድ ይያዙ

የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ፣ በተለምዶ ሲኤስኤፍ የምንለው፣ በአዋቂ ሰው በጠቅላላው ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ቬንትሪክሎቹ ውስጥ ያለው ግን 25 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ከአንጎሉ ውጪና በህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ ነው። በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ስለሚመረት ፈሳሹ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ ይታደሳል። መውጫው በድንገት ሲዘጋ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ራሱን ሊስት የሚችለውም ለዚህ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከሁለቱ የጎን ቬንትሪክሎች በሁለቱ የሞንሮ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ሦስተኛው ቬንትሪክል ይገባል። ከዚያ በመካከለኛው አንጎል ውስጥ በሚያልፈው፣ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመትና ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የሲልቪየስ ቦይ አድርጎ ወደ አራተኛው ይወርዳል። ከአራተኛው የሚወጣው በሦስት በሮች ነው፤ በመሀል በማጀንዲ፣ በግራና በቀኝ በሉሽካ ቀዳዳዎች። የሚዘጋ ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከእነዚህ ጠባብ ቦታዎች በአንዱ ነው። ከመዝጊያው በላይ ያለው ይሰፋል፣ በታች ያለው እንደነበረ ይቀራል። የጎኖቹና ሦስተኛው ሰፍተው አራተኛው መደበኛ ከሆነ ቦዩን ይጠርጥሩ። አራቱም ከሰፉ መዝጊያው ከአራተኛው መውጫዎች ወይም ከዚያ ውጪ ነው። እንደ እኛ የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር የነቀርሳ ማጅራት ገትር እዚህ ላይ ቀድሞ መታሰብ አለበት፤ በአንጎል ግርጌ ያሉትን የፈሳሽ ቦታዎች በወፍራም ፈሳሽ ስለሚሞላ።

ፈሳሹን የሚያመነጨው ኮሮይድ ፕሌክሰስ የት እንዳለና የት እንደሌለ ማወቅ ብዙ ስህተት ያድናል። በጎን ቬንትሪክል አካል፣ በኤትሪየም (አካሉ፣ የኋላውና የታችኛው ቀንድ በሚገናኙበት) እና በታችኛው ቀንድ ውስጥ አለ፤ በሞንሮ ቀዳዳ ዞሮ የሦስተኛውን ጣሪያ ይይዛል፤ በአራተኛው ጣሪያም አለ፣ በሉሽካ በኩል ጫፉ ወደ ውጪ ብቅ ይላል። በፊት ቀንድ፣ በኋላ ቀንድና በቦዩ ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ በፊት ቀንድ ውስጥ ነጭ ነገር ካዩ «ኮሮይድ ይሆናል» ብለው አይለፉት። ደም ወይም ዕጢ እስካልሆነ ድረስ እዚያ የሚያደርገው ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ ምስሉ ራሱ ቀጥ ያለ መሆኑን ያረጋግጡ

ብዙ «የቬንትሪክል አለመመጣጠን» የሚፈጠረው ከመሣሪያው አልጋ ላይ ነው። ራስ ወደ ጎን ጋደል ካለ አክሲያሉ (አግድም የተቆረጠው) ምስል በአንድ በኩል የቬንትሪክሉን አካል፣ በሌላው በኩል ደግሞ ዝቅ ያለውን ክፍል ይቆርጣል፤ ሁለቱን ማወዳደር ትርጉም ያጣል። መጀመሪያ የዓይን ሌንሶችን፣ ቀጥሎ የጆሮ አጥንቶችን ይመልከቱ፤ በአንድ ምስል ላይ በእኩል ካልታዩ ራሱ ጋድሏል። 1 ሚሊ ሜትር ስስ ምስል ካለ ሥራ ጣቢያው ላይ አቅንተው እንደገና ይቁረጡት። 5 ሚሊ ሜትር ወፍራም ምስል ብቻ ካለ ጋደል ማለቱን በሪፖርቱ ላይ ይጥቀሱና ልኬቱን አይመኑበት።

ለሲቲ የአንጎል ዊንዶው 80 ስፋትና 40 መሀል ይበቃል። ከስሱ ምስል ሳጂታል (ከጎን የሚታይ) እና ኮሮናል (ከፊት የሚታይ) ሳይሠሩ ስለ ሦስተኛውና አራተኛው ቬንትሪክል መናገር ግማሽ ንባብ ነው። ኤምአርአይ ካለ የመሀል ሳጂታል ቲ2 ከሁሉም በላይ ይጠቅማል፤ በቦዩ ውስጥ የሚሮጠው ፈሳሽ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ ቦዩ ክፍት መሆኑን በአንድ ምስል ይነግርዎታል።

ደረጃ 3፦ ከታች ወደ ላይ ያንብቡ

የተለመደው ከላይ መጀመር ነው፤ እዚያ ቬንትሪክሉ ትልቅ ስለሆነ ዓይን ይስባል። እኛ የምንመክረው ግን ከታች መጀመርን ነው፣ አደጋው ያለው እዚያ ስለሆነ።

አራተኛው ቬንትሪክል በፖንስና በሜዱላ ጀርባ፣ በሴሬቤለም (በትንሹ አንጎል) ፊት ይገኛል። በሳጂታል ጫፉ ወደ ኋላ የዞረ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በአክሲያል ደግሞ ቀስት ይመስላል። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በመሀል መስመር ላይ ነው? ቅርጹን ይዟል? በዙሪያው የሴሬቤለም መሸብሸቦች ይታያሉ? አራተኛው ወደ አንድ ጎን ከተገፋ ወይም ከጠበበ የሴሬቤለም ደም መፍሰስ፣ ስትሮክ ወይም ዕጢ አለ ማለት ይሆናል፤ ይህ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጊዜ አይሰጥም። በጀርባው ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ይዞ የተወለደ ሕፃን ላይ ደግሞ አራተኛው ቀጥኖ ወደ አንገት ወርዶ ከታየ ኪያሪ 2 የተባለው የተፈጥሮ ጉድለት ነው። እንዲህ ባለ ሕፃን ጀርባው ከመዘጋቱ በፊትም በኋላም ቬንትሪክሎቹን መለካት ያስፈልጋል፤ ከተዘጋ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ሊሰፉ ስለሚችሉ።

ቀጥሎ የታችኞቹ ቀንዶች። በወጣትና በጎልማሳ ሰው ስስ ስንጥቅ ናቸው፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይታዩም። ስፋታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ በዚያው ምስል ላይ የሲልቪየስ ስንጥቅና የአንጎሉ መሸብሸቦች ጠብበው ከታዩ ሃይድሮሴፋለስ (በቬንትሪክሎቹ ውስጥ የፈሳሽ መከማቸት) እየጀመረ ነው። በአዛውንት ሰፋ ማለታቸው የተለመደ ነው፤ ግን የሚሰፉት ከመሸብሸቦቹ ጋር አብረው ነው። የሂፖካምፐስ መመንመን ካለም ቀንዱ ይሰፋል፤ ይህን የሚለየው ኮሮናል ምስል ነው፤ ሂፖካምፐሱ ቀጥኖ በአጠገቡ ያለው የኮሮይድ ስንጥቅም አብሮ ይሰፋል።

ሦስተኛው ቬንትሪክል በሁለቱ ታላመሶች መካከል ያለ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። ግድግዳዎቹ ትይዩ መሆን አለባቸው። ስፋቱ በልጆች ከ5፣ ከ60 ዓመት በታች ባሉ አዋቂዎች ከ7፣ ከዚያ በላይ ባሉት ከ9 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ግድግዳዎቹ ወደ ውጪ መወጠራቸውን ይመኑ። በሳጂታል ከፊቱ ሁለት ሹል ጫፎች አሉት፤ አንዱ ከዓይን ነርቮች መስቀለኛ በላይ፣ ሌላው ወደ ፒቱታሪ ግንድ የሚወርድ። ጫፎቹ ሹል ከሆኑ ግፊት የለም፤ ደብዝዘው ክብ ከሆኑና ወለሉ ወደ ታች ከተቆለመመ ግፊት አለ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ በኢንዶስኮፕ ቀዳዳ የሚሠራው እዚያ ወለል ላይ ስለሆነ፣ ባዚላር የደም ቧንቧ ከወለሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢጽፉለት ያመሰግንዎታል። ቤንጃሚን ዎርፍ በኡጋንዳ ምባሌ ይህን ቀዶ ሕክምና ከኮሮይድ ፕሌክሰስ ማቃጠል ጋር አጣምረው ለሕፃናት ካዳበሩት ወዲህ፣ ዘወትር ክትትል የሚፈልገውን ሻንት (ፈሳሹን ከአንጎል የሚያወጣ ቱቦ) ለመቀነስ በአፍሪካ በሰፊው የሚታሰብ አማራጭ ሆኗል።

በመጨረሻ የጎን ቬንትሪክሎች። እያንዳንዳቸው ታላመስን ከብበው እንደ በግ ቀንድ ይጠመዘዛሉ። የፊት ቀንዱ ከሞንሮ ቀዳዳ ፊት ያለው ነው፤ የውጪ ግድግዳው የኮዴት ራስ፣ የውስጡ ሴፕተም ፔሉሲደም፣ ጣሪያው ኮርፐስ ካሎሰም (የአንጎሉን ሁለት ጎኖች የሚያገናኘው ድልድይ)። ከቀዳዳው ኋላ አካሉ፣ ከዚያ ሦስቱ መንገዶች የሚገናኙበት ኤትሪየም፣ ከእሱ አንዱ ወደ ኋላ አንዱ ወደ ታች ይወጣሉ። የፊት ቀንዱ የውጪ ጥግ ሹል መሆን አለበት። የኮዴት ራስ ወደ ውስጥ ካላበጠና ግድግዳው ተዘርግቶ ከታየ የኮዴት መመንመን ይታሰባል፤ ጥጉ ከከበበ ደግሞ ግፊት።

ሞንሮ ቀዳዳ ላይ ሳይቆሙ አይለፉ። ከሦስተኛው ጣሪያ ፊት፣ በመሀል መስመር ላይ፣ በሲቲ ነጣ ያለ ድቡልቡል ነገር ካለ ኮሎይድ ሲስት (ዝልግልግ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት) ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቢሆንም በድንገት መዝጋት ስለሚችል ግኝቱ በስልክ የሚነገር እንጂ በሪፖርት ብቻ የሚላክ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ይለኩ፣ ግን ልኬቱን በቦታው ያስቀምጡት

በአዋቂ የሚለካው ዋናው ነገር ኢቫንስ ኢንዴክስ ነው፤ ከ1942 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ቀላል ክፍልፋይ። የፊት ቀንዶቹ በጣም በሰፉበት አክሲያል ምስል ላይ ከአንዱ ውጪ ጥግ እስከ ሌላው ውጪ ጥግ ይለኩ። በዚያው ምስል ላይ የራስ ቅሉን የውስጥ ስፋት፣ ከአጥንት ውስጠኛ ገጽ እስከ ውስጠኛ ገጽ፣ ይለኩና ያካፍሉ። 36 ሚሊ ሜትር ለ132 ሲካፈል 0.27 ነው፤ መደበኛ። 45 ለ135 ሲካፈል 0.33 ነው፤ ከ0.3 ስለሚበልጥ ቬንትሪክሎቹ ሰፍተዋል ይባላል። ኢንዴክሱ የሚነግርዎት መስፋታቸውን ብቻ እንጂ ምክንያቱን አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ ጤናማ ሰውም ከ0.3 ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም የሚለካው የፊት ቀንዶችን ብቻ ስለሆነ፣ የታችኞቹ ብቻ የሰፉበትን ሰው «መደበኛ» ብሎ ይለቀዋል።

መስፋቱ ከመመንመን ነው ወይስ ከፈሳሽ መከማቸት? ይህ ጥያቄ በአዛውንቶች ላይ ይከብዳል። የሚረዳው የኮርፐስ ካሎሰም ማዕዘን ነው። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ኮሚሸር በሚሄደው መስመር ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ፣ በኋለኛው ኮሚሸር ደረጃ በተቆረጠ ኮሮናል ምስል ላይ፣ የሁለቱ ጎን ቬንትሪክሎች ጣሪያ የሚሠሩትን ማዕዘን ይለኩ። መደበኛው ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ይሆናል፤ ከ90 በታች ከሆነና በራስ አናት ያሉት መሸብሸቦች ተጨናንቀው ከታዩ፣ መራመድ የከበደው፣ ሽንት የማይይዝና የሚዘነጋ ሽማግሌ መደበኛ ግፊት ያለው ሃይድሮሴፋለስ ሊኖረው ይችላል። ኮሮናሉ ዝም ብሎ በአልጋው ልክ ከተቆረጠ ማዕዘኑ ይሳሳታል። በተግባር የምናየው ብዙ ስህተት እዚህ ጋ ነው።

ፅንስ ላይ የሚለካው ኤትሪየም ነው። በአክሲያል፣ በኮሮይዱ ጉብታ ደረጃ፣ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ፣ ለቬንትሪክሉ ቀጥ ብሎ። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች መደበኛ ነው፤ ይህ ገደብ ከሁለተኛው ሦስት ወር መጀመሪያ እስከ ወሊድ አይለወጥም። ካሊፐሩ ግዳደል ከያዘ 9 የነበረው በቀላሉ 11 ይሆናል፤ እናትየው ላይ ያለው ጭንቀት ደግሞ ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ነው።

አዲስ የተወለደ ሕፃን ላይ እርግብግቢቱ ክፍት ስለሆነ አልትራሳውንድ ይበቃል። በሞንሮ ቀዳዳዎች ደረጃ በተያዘ ኮሮናል ላይ ከመሀል መስመሩ እስከ ጎን ቬንትሪክሉ የውጪ ግድግዳ ያለው ርቀት የሌቪን ልኬት ይባላል። ከእርግዝናው ሳምንት ሰንጠረዥ ጋር ያነጻጽሩት፤ ከ97ኛው መቶኛ መስመር በ4 ሚሊ ሜትር ማለፍ ለረጅም ጊዜ የጣልቃ ገብነት መነሻ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። በወቅቱ በተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቬንትሪክሎቹ እንደ ስንጥቅ ቢጠብቡ ብቻውን የአንጎል እብጠት ምልክት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ጤናማ ልዩነቶችን ይለዩ

አለመመጣጠን። በጎን ቬንትሪክሎች መካከል መጠነኛ ልዩነት የተለመደ ነው፤ ግራው የሚሰፋበት ጊዜ ይበዛል። ጤናማ ነው ለማለት ግን ተከታታይ ጥያቄ አለ። ራሱ ጋድሏል? ጠባቡ የተጫነበት ነገር አለ፣ በዚያ በኩል ያሉት መሸብሸቦችስ ጠፍተዋል? ሰፊው አጠገብ የተጎዳና የመነመነ አንጎል አለ? በሰፊው በኩል ያለው የሞንሮ ቀዳዳ ክፍት ነው? በሰፊው ዙሪያ ፈሳሽ ወደ ነጩ ክፍል ሰርጓል? ሁሉም መልስ «የለም»፣ ቀዳዳው ደግሞ ክፍት ከሆነ ልዩነቱ ጤናማ ነው። ሴፕተሙ በጥቂቱ መጉበጡ ብቻውን ይህን አይቀይረውም።

የሴፕተም ክፍተቶች። ሴፕተም ፔሉሲደም ሁለት ስስ ሽፋን ነው። በፅንስ በመካከላቸው ፈሳሽ የያዘ ክፍተት አለ፤ ከተወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወራት በብዙዎች ይዘጋል፣ በአንዳንዶች ግን ዕድሜ ልክ ይቀራል። ይህ ካቩም ሴፕቲ ፔሉሲዲ ነው፤ በፊት ቀንዶቹ መካከል፣ ትይዩ ግድግዳ ያለው። ከፎርኒክስ አምዶች ኋላ እስከ ኮርፐስ ካሎሰም ጀርባ ከቀጠለ ካቩም ቨርጌ ይባላል። አዘጋጉ ከኋላ ወደ ፊት ስለሆነ ቨርጌ ካለ የፊተኛውም አብሮ ይኖራል። ከሁለቱ ጋር የሚምታታው ካቩም ቬሊ ኢንተርፖዚቲ ነው፤ እሱ ከፎርኒክስ በታች፣ ከሦስተኛው ጣሪያ በላይ የሚገኝ፣ ጫፉ ወደ ፊት የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው፤ በፊት ቀንዶቹ መካከል አይገባም። ሦስቱም አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርጉም። ግድግዳው ወደ ውጪ ከተነፋና ስፋቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ ብቻ የሞንሮ ቀዳዳዎችን መግፋቱን ያጣሩ።

በተቃራኒው ሴፕተሙ ጭራሽ አለመኖሩ ጤናማ ልዩነት አይደለም። በፅንስ አልትራሳውንድ ከ18ኛው እስከ 37ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ክፍተቱ መታየት አለበት፤ ካልታየ ዝርዝር ምርመራ ይታዘዛል። በተወለደ ልጅ ላይ ሴፕተሙ ከሌለ ዓይን ነርቮችንና ፒቱታሪን ሳያዩ ሪፖርቱን አይዝጉ።

የቀንድ ጥግ መጣበቅ። የፊት ቀንዱ ጥግ በከፊል ሲጣበቅ በሕፃናት አልትራሳውንድ ላይ ትናንሽ ከረጢቶች የተደረደሩ ይመስላል። ቦታቸው ከሞንሮ ቀዳዳ ፊት፣ በቀንዱ የውጪ ጥግ ልክ ወይም ከሥሩ ነው። ያለጊዜው በተወለዱ ሕፃናት የሚፈራው የነጩ ክፍል ጉዳት ግን ከጥጉ በላይና ከቀዳዳው ኋላ ይሆናል። ቦታውን ብቻ በማየት አንድን ቤተሰብ ከከባድ ዜና ማዳን ይቻላል። የኋላ ቀንድም መሀሉ ላይ ሲጣበቅ ጫፉ ተለይቶ ሲስት ይመስላል፤ ምልክቱ በሁሉም ምስል የሲኤስኤፍን መልክ መያዙ ነው። አንዱ የኋላ ቀንድ አጭር መሆኑ ወይም አለመኖሩ ምንም አይደለም። ሁለቱም የኋላ ቀንዶችና ኤትሪየሞች ብቻ ከልክ በላይ ሰፍተው የፊቶቹ ጠባብና ትይዩ ከሆኑ ግን ኮርፐስ ካሎሰም መኖሩን በሳጂታል ያረጋግጡ።

በኤትሪየም ውስጥ ያለ ኮሮይድ። ከ40 ዓመት በኋላ ካልሲየም መያዙ የተለመደ ነው። ደም መሆኑ ካጠራጠረ ጥግግቱን በሃውንስፊልድ (በሲቲ የጥግግት መለኪያ) ይለኩ፤ ከ100 በእጅጉ የበለጠ ካልሲየም ነው። ደም ደግሞ በጀርባ የተኛ ሰው ላይ በኋላ ቀንዶቹ ጫፍ ደረጃ ሠርቶ ይዘቅጣል፣ ካልሲየም አይንቀሳቀስም። በኤምአርአይ ዲፉዥን ላይ በሁለቱም በኩል የሚያበሩ የኮሮይድ ከረጢቶች ጉዳት የሌላቸው ዛንቶግራኑሎማ ናቸው፤ መግል ብለው አያስደነግጡ።

የታላመሶች ድልድይ። በብዙ ሰው ሦስተኛውን ቬንትሪክል መሀሉ ላይ የሚያቋርጥ የግራጫ ክፍል ድልድይ አለ፤ በአንዳንድ ሰው የለም፤ ሁለቱም ጤናማ ናቸው። በሳጂታል ላይ በፈሳሹ መሀል ክብ ደሴት ሆኖ ስለሚታይ ዕጢ ተብሎ ሲጻፍ እናያለን። የአንጎሉን ግራጫ ክፍል መልክ በሁሉም ምስል መያዙና በአክሲያል ከሁለቱም ታላመሶች ጋር መያያዙ ይለየዋል።

በቬንትሪክል ዙሪያ ያለ ነጭ ጠርዝ። በፍሌር (የሲኤስኤፍን ነጭነት በሚያጠፋው የኤምአርአይ ምስል) በፊት ቀንዶቹ ጥግ ላይ ትንሽ ቆብ፣ በአካሉ ዳር ደግሞ ስስ መስመር በጤነኛ ሰው ይታያል። ወፍራም፣ ጠርዙ የደበዘዘና በታችኞቹ ቀንዶችም ዙሪያ ያለ ከሆነ ፈሳሽ እየሰረገ ነው። ፍሌር ሌላም ያታልላል፤ በሞንሮ ቀዳዳ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ውስጥ የሚሮጥ ፈሳሽ ነጭ ሆኖ ደም ይመስላል። በግሬዲየንት ኤኮ ጥቁር ካልሆነና በሌሎቹ ምስሎች ከጠፋ የፍሰት ጥላ ነው።

ከአራተኛው ኋላ። ከሴሬቤለም ጀርባ ያለው የፈሳሽ ቦታ ከ10 ሚሊ ሜትር ቢያልፍም ቨርሚሱ (የሴሬቤለሙ መሀል) ሙሉ፣ አራተኛው ቅርጹን የያዘና ቴንቶሪየሙ (ከሴሬቤለሙ በላይ ያለው ሽፋን) በቦታው ከሆነ ትልቅ ሲስተርና ማግና ብቻ ነው። ቨርሚሱ ካነሰና ወደ ላይ ከዞረ፣ አራተኛው በቀጥታ ከኋላው ክፍተት ጋር ከተገናኘ፣ ቴንቶሪየሙም ከፍ ካለ ዳንዲ ዎከር የተባለው የተፈጥሮ ጉድለት ነው።

ደረጃ 6፦ ከቀድሞው ምስል ጋር ያነጻጽሩ፣ ከዚያ ይጻፉ

ከሁሉም ልኬት የሚበልጠው የቆየ ሲቲ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እንዲሁ የነበረ አለመመጣጠን ዛሬ አዲስ ምርመራ አያስፈልገውም። ሻንት ያለው በሽተኛ ላይ ደግሞ ማነጻጸሪያው ደህና በነበረበት ቀን የተነሣው ምስል እንጂ የመማሪያ መጽሐፉ ቁጥር አይደለም። ቬንትሪክሉ እንደወትሮው ሆኖ ሻንቱ ሊዘጋ ይችላል፤ በተለይ ግድግዳው ለዓመታት የደነደነባቸው ሰዎች ላይ። የሚያስታውከውና የሚያንቀላፋው ልጅ «ቬንትሪክሉ አልተለወጠም» ተብሎ ወደ ቤት እንዳይላክ ይህን በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ያስቀምጡ።

ሲጽፉ «ቬንትሪክሎች ሰፋ ያሉ ናቸው» ብለው አይተዉት። የትኛው፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ መሸብሸቦቹ እንዴት እንደሆኑ፣ ፈሳሽ መስረጉና የሚዘጋ ነገር መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ጤናማ ልዩነት ከሆነም በመደምደሚያው ላይ «ጤናማ ልዩነት፣ ክትትል አያስፈልገውም» የሚለው በግልጽ ተጽፎ ይቀመጥ። ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው በሽተኛው ራሱ ነው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያነበዋል፣ «ካቩም» የሚለውን ስም በስልኩ ፈልጎ የሚያገኘው ደግሞ ሁልጊዜ የሚያጽናናው አይደለም።